ሴቶች ለልብ ምት ሕክምና ዘግይተው መላካቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የልብ ምት መዛባት የወንዶች ሕመም ነው።» ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍሎች በተዘበራረቀ ሁኔታ የሚንቀጠቀጡበት የምት መዛባት) በእኩል ዕድሜ ሲነጻጸር በወንዶች ላይ በርከት ብሎ ይታያል፤ ሆኖም ሴቶች ረዘም ያለ ዕድሜ ስለሚኖሩ በሕይወት ዘመናቸው በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው ከወንዶቹ ብዙም አያንስም። በኤቪ ኖድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድ ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል በሚያልፍበት ቦታ፣ አካባቢ ሞገዱ እየዞረ የሚፈጥረው ድንገተኛ ፈጣን ምት ደግሞ በሴቶች ላይ በ2 እጥፍ ገደማ ይበዛል።

«ወጣት ሴት ልቤ ይመታል ካለች ጭንቀት ነው።» ከሁሉም ይልቅ የታካሚዎችን ዓመታት የሚያባክነው ይህ አመለካከት ነው። ልብ በደቂቃ 180 ጊዜ ሲመታ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሞት ፍርሃትም ይመጣል፤ ታካሚዋ ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ግን ምቱ ስለሚቆም ኢሲጂው (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራው) ደህና ይሆንና በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የፍርሃቱ ታሪክ ብቻ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ ፈጣን ምት ካለባቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል የፓኒክ ሕመምን (ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት የሚደጋገምበትን ሕመም) መመዘኛ እንደሚያሟሉ፣ ሕመሙ ሳይታወቅ ከቆየባቸውም መካከል ምልክታቸው በሥነ ልቦና ችግር የተሳበበው በአብዛኛው የሴቶቹ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ምቱ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚቆም መጠየቅ ይኖርበታል፤ እንደ መብራት ቁልፍ ድንገት የሚበራና የሚጠፋ ምት፣ ኢሲጂው ደህና ቢሆንም እንኳ፣ ታካሚዋን ወደ ልብ ምት ስፔሻሊስት ለመላክ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

«አብሌሽን ለሴት ስለሚከብድ መድኃኒት ይሻላታል።» በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ አስገብቶ መዛባቱን የሚፈጥረውን ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ የሚያመክነው ይህ ሕክምና፣ ለኤቪ ኖዱ ዓይነት በሴትም በወንድም ከ95 በመቶ በላይ ይሳካል። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲሰጥ በሴቶች ላይ የደም ሥር ጉዳትና የደም መፍሰስ ከፍ እንደሚል መሸሸግ አይገባም፤ ነገር ግን ሴቶቹ የሚላኩት ከወንዶች ይልቅ በዕድሜ ገፍተው ስለሆነ መዘግየቱ ራሱ ለአደጋው ድርሻ አለው። መድኃኒቱም ቢሆን ያለ ስጋት አይደለም፦ በኢሲጂ ላይ ኪውቲ የሚባለው ልኬት (በእያንዳንዱ ምት የልብ የታችኛው ክፍሎች በኤሌክትሪክ ተነሳስተው ዳግም እስኪረጋጉ የሚወስደው ጊዜ) በሴቶች ዘንድ በተፈጥሮው ረዘም ስለሚል፣ እንደ ሶታሎል ያሉ የልብ ምት ማስተካከያ መድኃኒቶች ለሕይወት አስጊ የሆነ የምት መዛባት የሚያስከትሉት በእነርሱ ላይ አዘውትረው ነው።

«ሴቶች ራሳቸው ሕክምናውን አይፈልጉም።» ያልቀረበላቸውን ምርጫ እንቢ አሉ ማለት አይቻልም።

«ለልብ ድካም የሚተከለው የልብ ምት አቀናጅ መሣሪያ ሴትን ያን ያህል አይጠቅምም።» በጥናቶቹ የተካፈሉት ሴቶች ጥቂት ቢሆኑም፣ የልባቸው የግራ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘጋባቸው ሴቶች ከመሣሪያው ያገኙት ጥቅም ከወንዶቹ የሚያንስ ሳይሆን የሚልቅ ሆኖ ተገኝቷል።