አምባሳደር «እንኳን አደረሰዎ» ሲል የማንን ቃል ነው የሚያደርሰው?

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ቴሌቪዥኑ አንድ አምባሳደር የተሾመበትን አገር ፕሬዚዳንት ጨብጦ «እንኳን አደረሰዎ» ሲል አሳየ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ቢቀርባቸው ነው?» አሉ።

ቅርበት አይደለም ጋሼ፣ ከአገሩ መሪ ይዞት የሚመጣው የሹመት ደብዳቤ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት የሚስዮን መሪዎችን፣ ማለትም አገራቸውን ወክለው ውጭ የሚላኩትን የልዑካን አለቆች፣ በደረጃ ይለያል። አምባሳደር የሚላከው ወደ ርዕሰ ብሔሩ ነው፤ በደረጃ ከአምባሳደር በታች የሆነው ጉዳይ ፈጻሚ ግን ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ። እኛም ዘንድ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሹመት ደብዳቤውን የሚቀበለው ፕሬዚዳንቱ እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሰላምታው ከመሪ ለመሪ ነው። ለጥምቀት ልጅዎን ድፎ አስይዘው ጎረቤት ሲልኩት «እንኳን አደረሳችሁ ብለዋል» እንደሚለው ማለት ነው፤ ቃሉ የእርስዎ፣ እግሩ የልጁ።

አምባሳደሮቹ በሙሉ ሲሰበሰቡስ? ስለ ሁሉም የሚናገረው አንጋፋቸው ነው፤ ዲን ይሉታል። አንጋፋነቱ በአገሩ ትልቅነት ሳይሆን ሥራውን በጀመረበት ቀንና ሰዓት ይቆጠራል። አንዳንድ የካቶሊክ አገሮች ግን ቦታውን ለሮማው ጳጳስ እንደራሴ ይሰጣሉ። ጋሼ ይቺን የሰዓቷን ነገር ወደዷት፤ ሁለተኛውን ስኒ እሳቸው ከፈሉ።