ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ጠዋት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መደቧ ላይ ከመቀመጧ በፊት ቆም ትላለች። መቀነቷን ፈትታ እንደገና ትጠመጥመዋለች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። የመልስ ብሯን ጫፉ ላይ ቋጥራ ወደ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ሚዛኗን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ብታጎነብስ፣ ጆንያ ብትጎትት፣ ያ መቀነት አይላላም።

የአባባላችን ሥዕል ይኸው ነው። ድሮ ወንዱም ድግ ይታጠቅ ነበር፤ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ረጅም የጥጥ ጨርቅ። ድግ በደንብ እንዲጠብቅ ቆም ብሎ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። እየሮጠ የታጠቀ ሰው ግን ቋጠሮው አይጠብቅለትም፤ ያው ሩጫው መልሶ ይፈታዋል። ያውም መንገድ መሀል፣ ሁለት እጁ በሚፈለግበት ሰዓት።

"ታጠቀ" ስንል ወገብ ማሰር ብቻ አይደለም፤ ለጦርነት መዘጋጀትም ነው። ትጥቅ የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። ስትራቴጂና ታክቲክ የሚሉት ቃላትም የተወለዱት ጦር ሜዳ ነው፤ ሁለቱም ከግሪክኛ። የመጀመሪያው ከጦር አዝማችነት፣ ሁለተኛው ሠራዊት ከማሰለፍ። የፕሩሲያው ጄኔራል ክላውዘቪትስ እንዲህ ለይቷቸዋል፦ ታክቲክ ሠራዊትን በአንድ ውጊያ ላይ ማሠማራት ነው፤ ስትራቴጂ ደግሞ ውጊያዎቹን ለጦርነቱ ዓላማ ማዋል ነው። ወደ ሱቃችን ስናመጣው፣ ለማን ልሽጥ፣ ምን ይዤ፣ ምኑን ትቼ የሚለው መታጠቁ ነው። ቅናሹ፣ ማስታወቂያው፣ የቲክቶክ ቪዲዮው ሩጫው ነው።

አንድ ጓደኛዬ ከዚራ ሰፈር ጁስ ቤት ከፍቶ ነበር። ጎረቤቱ ዋጋ ሲቀንስ እሱም ቀነሰ። ማዶ ያለው በርገር ሲጀምር እሱም መጥበሻ ገዛ። ድሬ በቀትር ሙቀት ሱቋን ዘግታ ስታርፍ እሱ ከፍቶ ዋለ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ስንፍና አያውቅም። በአራተኛው ወር "አቦ ሥራ እኮ አለ፣ ብሩ ነው የት እንደሚገባ የጠፋኝ" አለኝ።

"ደንበኛህ ማነው?" አልኩት።

"የገባው ሁሉ ነዋ!"

መቀነቱ የላላው እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ታክቲክ ለብቻው ሲታይ ልክ ነበር። ግን አንዱ ከሌላው ጋር የሚያስተሳስረው ነገር አልነበረም። ሳምንት ዘግቶ አሰበ። ደንበኞቼ ባጃጅ ሹፌሮችና ጠዋት ሐረር የሚወጡ ተሳፋሪዎች ናቸው ብሎ ወሰነ። እነዚህ ሰዎች ወንበር አይፈልጉም፤ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ወንበሩን፣ ስፒከሩን፣ በርገሩን ተወ። የሐረር ሚኒባስ የሚሞላበት አካባቢ ጠባብ ቦታ ተከራየ። ታክቲኮቹ ከዚያ በኋላ ራሳቸው መጡ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት መክፈት፣ ማንጎውን ማታውኑ ልጦ ማሳደር፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ መሸጥ፣ ዝርዝር ብር አለማጣት። የጎረቤት ቅናሽ አሁን አያስደነግጠውም።

ይህን አባባል ብዙ ሰው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ከሚለው ጋር ያምታታዋል። እኔ አንድ ናቸው አልልም። ያኛው ችኮላን ይወቅሳል። ይኼኛው ሩጫን አይነቅፍም፤ የሚነግረን ስለ ቅደም ተከተል ነው። ታጥቀህ እንደልብህ ሩጥ።

ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ነገር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ግን ተራራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነ። ዋናው ጉዳይ ባሕሩን ከመሀል አገር ማገናኘት ስለሆነ ሐረርን ትተው ከተራራው ግርጌ ለማለፍ ወሰኑ። በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፤ ከተማችንም ተቆረቆረች። ለእኔ ስትራቴጂ ማለት እንዲህ ነው፤ የታወቀች፣ የምታጓጓ የንግድ ከተማ እያየህ ጥለህ ማለፍ። ገንዘቡን በተመለከተ ግን ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ እየሮጠ ነበር የታጠቀው። ካዝናው ተራቆተ፤ ሐዲዱም ድሬ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1908 ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ወሰደ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

በወሬ መሀል አባባሉ እስከ መጨረሻው አይባልም። ግማሹ ይበቃል፤ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። ባለፈው አንድ ዘመዱ ጓደኛዬን "ሐረር ሸዋ በር ጋ ቦታ ተገኝቷል፣ ዛሬውኑ ቀብድ እንክፈል" አለው። እሱ የማንጎ ቢላውን አስቀመጠ፣ እጁን በፎጣ ጠረገ።

"ሲሮጡ የታጠቁት..." አለና ወንበር ሳበለት።