የተደበቀ ኪሳራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ወጣቱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የዶላርና የወርቅ ዋጋ ሲከታተል አያለሁ። ንግድ ኃጢአት ነው ልላችሁ አይደለም። እኔ ራሴ የባቲ ሰኞ ገበያ ያሳደገኝ ነጋዴ ነኝ። ግን የአንድ የአክሲዮን ገበያ ሰው ታሪክ አለ፣ የራሴን ፊት ያየሁበት።

ኒክ ሊሰን ይባላል። የለሳኝ ልጅ ነው፤ አገሩ እንግሊዝ። ሲንጋፖር ተቀምጦ ባሪንግስ ለሚባል ባንክ ይነግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 አንዲት ባልደረባው መግዛት ሲገባት በስህተት ሸጠች፤ ጉዳቱ 20 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር። ለአለቆቹ ቢናገር ይቆጡት ነበር፣ በዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ቁጥሩ 88888 የሆነ ሒሳብ ውስጥ ሸሸገው። ከዚያ ኪሳራውን ለማካካስ ሲል ሌላ ከሰረ፣ ያንንም እዚያው ደበቀ፣ እንዲህ እያለ ጃንዋሪ 1995 ደረሰ፤ የጃፓኗ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ገበያው ወረደ፣ እሱ ደግሞ መልሶ ይነሳል ብሎ ጨመረበት። 827 ሚሊዮን ፓውንድ ጠፋ። 233 ዓመት የኖረ ባንክ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። ሊሰን 6 ዓመት ተኩል ተፈረደበት፣ እስር ቤት ሳለም የአንጀት ካንሰር ያዘው።

ባንኩን የገደለው 20 ሺሁ ነው እንዴ? አይደለም። መደበቁ ነው።

ምሳሌ 28፥13ን አንብቡት፦ «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም»። አይለማም! ገበሬም ነጋዴም የሚፈራው ቃል ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሚናዘዝና የሚተው ምሕረትን ያገኛል ይላል፤ ስለዚህ አንተ በስልክህ የተበደርከውን ብር ያጠፋህ ወንድሜ፣ እናትህ ስትጠይቅህ «ደህና ነው» የምትላት፣ ይህ ቃል ላንተ ነው።

ለእኔም ነበር። ሐርቡ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች ማሾ ገዝቼ ዋጋ እስኪወጣ አስቀመጥኩ። ወረደ። ተበድሬ ሌላ ጨመርኩ። ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ ልቤ ግን መጋዘን ነው ያለው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስለ ጾሜ እንጂ ስለ ማሾው አንስቼ አላውቅም፤ ኪሳራ ምን ኃጢአት አለው እያልኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ ከስተሃል፤ ምን ደበቅኸኝ?» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደቱንም ጾሙንም ከመስጠታቸው በፊት «ዛሬ ማታ ለሚስትህ ንገራት» አሉኝ።

ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ነው?» አለችኝ። እኔ ፈርቼ አንድ ቀን እንኳ ደምሬው አላውቅም ነበር። የልጆቹን ደብተር አመጣች፣ ኩራዙን ጠጋ አደረገችው፣ እኔ እየጠራሁ እሷ እየጻፈች ደመርነው።