መቀንጨር ምንድን ነው?

ጥቅምት ላይ መንዝ፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከጎረቤት የሚመጡ ወንድምና እህት አሉ። አጥር ሥር አፈር ሲያቦኩ አይቼ መንታ መስለውኝ ነበር። ለካ እሱ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ገና ሦስት አልሞላትም። «እትዬ፣ ይሄ ልጅ ለዕድሜው አላጠረም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አባቱን አላየኸው! ከዚያ ሰውዬ ቀጭኔ ይወለድ?»

አብዛኞቻችን የምንመልሰው ይህንኑ ነው፤ ዘሩ ነው እንላለን። ለትንሽ ልጅ ግን ይህ መልስ ብዙም አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ልጆች መርጦ ለክቶ ነበር። ጡት በደንብ የጠቡ፣ የሚበሉት ያልጎደለባቸው፣ በንጹሕ ቤት ያደጉ ልጆች ናቸው። እስከ አምስት ዓመት ድረስ የኖርዌዩም የጋናውም ልጅ ቁመት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእድገት መለኪያ የተሠራው ከዚያ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመቱ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ81 ካነሰ ቀንጭሯል ይባላል።

መቀንጨር ማለት እንግዲህ ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲጎድልበት ቆይቶ ቁመቱ ከዕድሜው ወደኋላ ሲቀር ነው። ከመክሳት ይለያል። የከሳ ልጅ ያስደነግጣል፤ ጎድኑ ይቆጠራል፣ እናቱ ይዛው ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። የቀነጨረው ግን ጉንጩ ሞልቶ ሲቦርቅ ይውላል። ማንም አይደነግጥለትም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኩል ካጠረማ ማን ከማን ይለያል?

የአገሬ ሰው «ጫጨ» ይላል። ቃሉ ለልጅም ለአዝመራም ይሆናል። ገብሱ ሲጫጭበት ግን ገበሬው ዘሩ ነው ብሎ አይቀመጥም። ዝናቡን ያስባል፣ ውርጩን ያስባል፣ አፈሩን በእጁ ዘግኖ ያያል።

ደግሞ አጭር መሆን ራሱ ምንም አይደለም። አጭር ሆኖ አገር ያስተዳደረ ስንት አለ። ችግሩ ቁመቱ የሚያሳብቀው ነገር ነው። ለአጥንት ያልደረሰው ምግብ ለአንጎልም ሳይደርስ ቀርቷል። የሕፃን አንጎል ደግሞ በላተኛ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነቱ ከሚያጠፋው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ መጠኑ የአዋቂውን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ስለ አንድ ሺህ ቀናት የሚወራው ለዚህ ነው፦ 270 የእርግዝና ቀናት፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶት ኦ ክፍል ገብቶ «ሀ ሁ» ሲባል፣ ያ ጊዜ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። የትምህርት ቤት ምገባ ጥሩ ነገር ነው፤ የራበው ልጅ ሰሌዳ አይታየውም። ያለፈውን ግን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው «የረሃብ ዋጋ» የተሰኘ ጥናት፣ በኢትዮጵያ በልጅነቱ የቀነጨረ ሰው ካልቀነጨረው በአማካይ 1.1 ዓመት ያነሰ እንደሚማር አስልቷል።

ታዲያ መንዝ ምን ጠፋ? ገብሱ አለ፣ ባቄላው አለ፣ በጉም አለ። አንድ ጠዋት የልጆቹ እናት የስምንት ወሩን ታናሽ ስታበላ ተቀምጬ አየሁ። አጥሚት ነው። የገብስ ዱቄት፣ ውሃና ትንሽ ጨው። ከማንኪያው እንደ ሻይ ይወርዳል። «እንዳያንቀው ብዬ ነው ያቀጠንኩት» አለችኝ። ልጁ ጠጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ተኛ። ለሚያየው ጠግቧል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ሆድ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። ብርጭቆው በውሃ ከሞላ ለሌላው ቦታ የለም። ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ ገንፎ ነው የሚያስፈልገው። ሦስት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ፣ ተቆልቶ አብሮ የተፈጨ። ላዩ ላይ ጠብ የሚደረግ ዘይት ወይም ቅቤ። ሁሉም እዚያው ጓዳ አለ።

እንቁላልም አለ። ግን በጭድ ተሸፍኖ የገበያ ቀን ይጠብቃል። ከጨው፣ ከደብተር፣ ከጋዝ ጋር የሚለወጠው እሱ ነው፤ እናትየዋ ላይ አልፈርድም። ጽጌ ጾም ስለነበር ደግሞ ድስቱም አይነካም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም አትልም። ግን ትልልቁ ሰው ሲጾም እቃው ይገደፋል ተብሎ ለሕፃኑ ብቻ የሚሠራ የለም። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ይህን ነገር ይፈታዋል። እንቁላል ብቻውን ተአምር ነው ግን አልልም። በኢኳዶር በቀን አንድ እንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት ላይ መቀንጨር በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ማላዊ ላይ ያው ሲሞከር በቁመት ለውጥ አልታየም።

ዶሮዎቹ ራሳቸው ሌላ ጣጣ አላቸው። በደጋው ብርድ ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት። ሕፃኑ ጠዋት የሚድህበት መሬት የእነሱ መዋያ ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ በተሠራ ጥናት ዶሮ ያለው ቤት የልጁ ቁመት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ጉዳት ታይቷል። ተቅማጥ የሚመላለሰው ልጅ የበላው ሁሉ ለሰውነቱ አይሆንም።

ሻይም እንዲሁ። ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሻይ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ ይደክማል፣ ትኩረቱ ይበተናል። አዮዲን ያለው ጨውም መከደን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር አለበት። አዮዲን የጎደላት እርጉዝ እንቅርት ብቻ አይደለም የሚወጣባት፤ የጽንሱም አንጎል ይጎዳል።

አገሪቱ አልተቀመጠችም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። አማራ ክልል ግን ያኔ 41 ላይ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው።

ይህን ሁሉ ሳወራ አክስቴ ዝም ብለው ሰሙኝና «እና ይሄ አለቀለት በለኛ?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ልጁ እያመለከቱ።

አላለቀለትም። ጃማይካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው ለከፊሎቹ ምግብ ተጨመረ፣ ለከፊሎቹ በየሳምንቱ አንዲት ሠራተኛ ቤታቸው እየሄደች እናቶቹ ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱና እንዲያወሩ ታለማምድ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ያ ጨዋታ የደረሳቸው ካልደረሳቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። መጫወቻዎቹ እዚያው ከተገኘ ቁራጭ ነገር የተሠሩ ነበሩ።

አክስቴ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር። መልስ አልሰጡኝም። ልጁን ጠርተው ሰፌዱን ፊቱ አደረጉና «በል ቁጠርልኝ» አሉት። አንድ፣ ሁለት እያለ ስድስት ደረሰ። ሰባትን ዘለላት። «መልሰህ» አሉት።