የኤርብራሽ ኮምፕረሰር ምንድን ነው? ሲገዙስ የትኛው ቁጥር ይታያል?

ኤርብራሽ በእስክሪብቶ መጠን የተሠራች የቀለም መርጫ ናት። ትንንሽ ሞዴል መኪናና አውሮፕላን የሚቀቡ፣ ኬክ የሚያስጌጡ፣ ጥፍር የሚሠሩ፣ ቲሸርት ላይ የሚስሉ ሰዎች ይጠቀሙባታል። ቀለሙን ወደ ጉም የሚለውጠው በጫፏ የሚያልፈው አየር ነው፤ ያን አየር ከኋላ በቱቦ የሚገፋላት ደግሞ ኮምፕረሰሩ ነው። ከክፍሉ አየር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ በተመጠነ ግፊት ሳያቋርጥ ይልካል።

ብዙ ሰው ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ባር ይሰጣል?” ብሎ ነው፤ ባርም ፒኤስአይም የአየር ግፊት መለኪያዎች ናቸው። ጥያቄው የሚመጣው ከጎማ ቤት ልማድ ስለሆነ ለኤርብራሽ አይበቃም። የቤት መኪና ጎማ የሚሞላው ወደ 30 ፒኤስአይ፣ ማለትም 2 ባር ገደማ ነው። ኤርብራሽም አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው ከ15 እስከ 30 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ነው። በግፊት በኩል ጎማ የሚነፋ ሁሉ ኤርብራሽንም ይነፋል ማለት ነው። ልዩነቱ ጎማ አንዴ ከሞላ መዘጋቱ ነው። ኤርብራሽ ግን ቁልፏ እስከተጫነ ድረስ አየሩ ሲወጣ ይቆያል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት “በ2 ባር ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?” ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሊትር ቁጥር ብዙ ጊዜ ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ ምንም ግፊት ሳይኖር የተለካ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይቀንሳል። በሥራ ግፊት ላይ የተለካው ቁጥር ካልተጻፈ፣ የሚገኘው ከተጻፈው በደንብ ያነሰ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት የጫፍ ቀዳዳ) ያላት ኤርብራሽ በደቂቃ ወደ 10 ሊትር ትወስዳለች፤ ለእሷ ከ20 እስከ 25 ሊትር ተብሎ የተጻፈበት ኮምፕረሰር ይበቃል። 0.5 ሚሊሜትር ኖዝል ሲሆን፣ ወይም ለጨርቅ የሚሆነውን ወፍራም ቀለም በ40 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ለመርጨት ሲታሰብ፣ ከ30 ሊትር በላይ መፈለግ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ሳስቷል። በኮምፕረሰሩ ውስጥ አየሩን የሚጨምቀው ፒስተን በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ያንኑ ሳስቶ የሚገኘውን አየር ስለሆነ፣ 20 ሊትር የተባለው ማሽን የሚሰጠው በባሕር ወለል ሒሳብ 15 ሊትር ያህል ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ስስ አየር ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው የሲሶ ያህል ትርፍ ያለው መግዛት አለበት።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። አየር የሚያጠራቅም ታንክ የሌላቸው ትንንሾቹ ርካሽ ናቸው፤ ችግራቸው አየሩ እንደ ልብ ትርታ እየመታ መምጣቱ ነው፤ ቀጭን መስመር ሲሰመር ትርታው ቀለሙ ላይ ይታያል። በእጅ የሚያዙት ባለ ባትሪዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ለጥፍርና ለትንሽ ኬክ ይሆናሉ፣ ሰፊ ነገር ለመቀባት ግን አይመከሩም። ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው የጎማ መንፊያ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሳያርፍ እንዲሠራ ስላልተሠራ ይቃጠላል።

ለአብዛኛው ጀማሪ ትክክለኛው ምርጫ ዘይት የማይፈልግ ባለ ፒስተን፣ 3 ሊትር ታንክ ያለው ነው። በገበያ ኤኤስ-186 በሚል መለያ የሚታወቀው የዚህ ዓይነት ነው፦ አንድ ስድስተኛ የፈረስ ጉልበት፣ ግፊቱ ወደ 3 ባር ሲወርድ የሚነሳ፣ 4 ባር ላይ የሚቆም። ድምፁ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ከዚህ በላይ ዋጋ የሚጠይቁት የፍሪጅ ዓይነት ሞተር ያላቸው ባለ ዘይቶቹ ናቸው። ከሁሉም ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሲጓጓዙ መተኛት የለባቸውም፣ ዘይታቸውም በጊዜው መታየት አለበት። ለሚበላ ነገር፣ ለኬክ ማለት ነው፣ ዘይት አልባውን ብቻ ይያዙ፤ ከባለ ዘይቱ የሚመጣ ጭጋግ ክሬሙ ላይ ማረፍ የለበትም።

ስለ ታንክ የተሳሳተ ግምት ስለበዛ ሒሳቡን እንሥራው። 3 ሊትር ታንክ ከ4 ባር ወደ 3 ባር ሲወርድ የሚለቀው 3 ሊትር አየር ብቻ ነው። ኤርብራሿ በደቂቃ 10 ሊትር ከወሰደች፣ በ18 ሰከንድ ውስጥ ሞተሩ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ትንሹ ታንክ ትርታውን ያለሰልሳል እንጂ ደካማ ሞተርን ብርቱ አያደርግም። 24 ሊትር ታንክ ያለው፣ 8 ባር የሚሞላ የጋራዥ ኮምፕረሰር ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከ8 ወደ 2 ባር እስኪወርድ 144 ሊትር ይሰጣል፤ ያም 14 ደቂቃ ያህል ሥራ ነው። ሲሞላ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አለው፤ ከሞላ በኋላ ግን ጠፍቶ በጸጥታ ያሠራል፣ መብራት ቢሄድም የጀመሩትን ያስጨርሳል። ይህን ለመጠቀም ግፊት የሚቀንስ ሬጉሌተር፣ ውሃ መያዣ ፊልትሮ፣ እንዲሁም ከ1/4 ኢንች ጥርስ ወደ ኤርብራሽ ቱቦው 1/8 የሚቀንስ መገናኛ ያስፈልጋል። መገናኛው ላይ ቴፍሎን ይጠቅለል።

ሬጉሌተሩን ብዙዎች የሚያስተካክሉት ቁልፉ ሳይጫን ነው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 25 ካለ በኋላ ቁልፉ ሲጫን ወደ 18 ይወርድና “ቀለሙ ጉም አልሆን አለ፣ ነጠብጣብ ሆነ” ይባላል። ትክክለኛው መንገድ አየሩ እየወጣ ሳለ ጌጁን እያዩ ማዞር ነው።

ከግፊቱ ቀጥሎ ሥራ የሚያበላሸው ውሃ ነው። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ታንኩና ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት ይጥላል። ያ ጠብታ በድንገት በኖዝሉ ይወጣና የተጠናቀቀውን ሥራ ይተፋበታል። ክረምት ላይ፣ ወይም እንደ ዱባይና ጅዳ ባለ እርጥብ የባሕር ዳርቻ ይብሳል። ውሃ መያዣው ዋጋ የሚኖረው አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲቀመጥ ነው፦ ከታንኩ ቀጥሎ፣ ከዚያም ሌላ ትንሽ ከኤርብራሿ ሥር። ታንክ በሌለው ማሽን ትኩስ ራስ ላይ የተገጠመ መያዣ ብዙ አይዝም፤ ረጅም ቱቦ ማድረግ ይረዳዋል። ሥራ ሲያልቅ ከታንኩ ሥር ያለውን መክፈቻ ፈትቶ ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል፤ የዛገ ታንክ ደግሞ ግፊት የሚይዝ ዕቃ በመሆኑ አደገኛ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ኮምፕረሰር 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አየሩ ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የመላኪያው ክብደትም ሲታሰብ ኤርብራሿን ከዚያ አስመጥቶ ኮምፕረሰሩን እዚሁ መግዛት ይሻላል።

ሁለት ብልሽቶች በብዛት ያጋጥማሉ። ማንም ሳይነካው ሞተሩ እየተነሳ የሚቆም ከሆነ አየር ያፈስሳል፤ መገናኛዎቹን የሳሙና አረፋ ሲቀቡ የሚያፈስሰው ቦታ ይፈላል። ሞተሩ ሲቆም የሚሰማው “ጲስስ” የሚል ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ከፒስተኑ በላይ የቀረውን አየር የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተይዟል ማለት ነው፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ጫና ላይ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ይቀራል። ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ እንደተሰካ ከቆየ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል።

ሱቅ ውስጥ መሞከር ከተፈቀደ የራስዎን ኤርብራሽ ይዘው ይሂዱ። ያገናኙ፣ ቁልፉን ተጭነው ጌጁን 25 ፒኤስአይ ላይ ያቁሙ፤ ከዚያ ሳይለቁ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። መርፌው ባለበት ከቆመ ማሽኑ ለዚያች ኤርብራሽ ይበቃል። እየወረደ ከሄደ፣ ካርቶኑ የፈለገውን ቢል፣ አይበቃም።