የቮልስ መፍቻ ቦርሳ፦ የጎደለውን መጠገንና መተካት

ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ከክሪኩና ከተጠባባቂ ጎማው ጋር አንድ የመፍቻ ቦርሳ ይዞ ይመጣ ነበር። የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ እስኪሠራ ድረስ 21,529,464 መኪኖች ተመርተዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የአንዱን ቮልስ የፊት ኮፈን ቢከፍቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ያረጀ ጎማ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ክሪክና በፌስታል የተቋጠረ ልዩ ልዩ ብረት ነው። ቦርሳው እንዴት እንደሚጎድል ለማንም ግልጽ ነው። መኪናው እጅ በለወጠ ቁጥር አንድ ቁልፍ ይቀራል፣ ጎረቤት የተዋሰው ሳይመለስ ይከርማል፣ ጋራዥ የገባ ካቻቢቴም ከጋራዡ ካቻቢቴዎች ጋር ይቀላቀላል። ቮልስ በአገራችን ታሪክ ያየ መኪና ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እንደ ጥንቱ አድርጎ ለማደስ የሚደክም ባለቤትም አይታጣም። ቀለሙና ወንበሩ አልቆ፣ ክሮሙ ከተወለወለ በኋላ ግን መጨረሻ ላይ የሚታሰበው ይኸው ቦርሳ ነው።

የቦርሳው ይዘት በየዘመኑ ይለያያል። የቀድሞዎቹ ፒንሳና በርከት ያሉ ቁልፎች ነበሯቸው፤ ወደ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲጠጋ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ የካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) መፍቻ፣ ካቻቢቴና የኮፓ (የቸርኬው ክዳን) መንቀያ ሽቦ ብቻ ቀርተዋል ማለት ይቻላል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ግን ከፋብሪካው ቦርሳ ይልቅ የጀርመኑ መፍቻ አምራች ሃዜት “ቱሪስት” እያለ የሸጠው ክብ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ተጠባባቂው ጎማ ላይ፣ በቸርኬው መሃል ባለው ክፍተት ልክ እንዲገባ ሆኖ የተሠራ ነው። ሃዜትን እ.ኤ.አ. በ1868 ያቋቋመው ሄርማን ዜርቨር ሲሆን ስሙም ከሁለቱ የመጀመሪያ ፊደሎቹ የተገኘ ነው። በ1919 የተመሠረተው ሌላው መፍቻ አምራች ጌዶሬም እንደ ሃዜት የሬምሻይድ ከተማ ልጅ ነው። የእነዚህ ኦሪጅናል ዕቃዎች ዋጋ ዛሬ የሚቀመስ አይደለም፤ በአምሳያቸው የሚመረቱ አዳዲሶችም ገበያ ላይ አሉ።

ከሁሉም የቁርጥ ቀን ልጅ ባለ 21 ሚሊ ሜትሩ የካንዴላ መፍቻ ነው። ካንዴላ ብቻ አይፈታም፤ የዲናሞውን ፑሌጃ (የቺንጋ መዞሪያ) የያዘው ዳዶም ያው 21 ነው። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ዘንግ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪ መሙላቱም ሞተር ማቀዝቀዙም አንድ ላይ ይቆማሉ። ዲናሞው መሥራት ሲያቆም የሚበራው ቀይ መብራት በርቶ እያለ “ጋራዥ እስክደርስ” ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው።

መንገድ ዳር ቺንጋ ለመቀየር የሚያስፈልጉት ሁለት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። የፑሌጃው የውስጥ ግማሽ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ካቻቢቴው እዚያ ይሰካና ዲናሞው ላይ ካለው የላይኛው ብሎን ጋር ይደገፋል። ፑሌጃው መዞር ሲያቅተው ዳዶው በ21ዱ ይፈታል። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፤ በመሃሉ ያሉት ስስ ራንዴላዎች ናቸው የቺንጋውን ውጥረት የሚወስኑት። ከመሃል ሲቀነሱ ቺንጋው ይወጠራል፣ ሲጨመሩ ይላላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልኩ ነው። ከመሃል የወጡት ራንዴላዎች አይጣሉም፣ ከውጭ በዳዶው ስር ይቀመጣሉ። በቺንጋ ፋንታ የሴት ስቶኪንግ አስሮ ቤት መግባት ይቻላል የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሾፌር የለም፤ ቮልስ ላይ ባይሞክሩት ይሻላል፣ ተጠባባቂ ቺንጋ የሚይዘው ቦታ እንደሁ ትንሽ ነው።

ባለ 21 መፍቻው ከጠፋ ሶማሌ ተራ ወርዶ ባለ 21 ቡሶላ (የብሎን ራስ የሚጨብጥ ቱቦ መሰል መፍቻ) መግዛት ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ቡሶላው ላይ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ሞተሩን በሸፈነው ላሜራ ቀዳዳ አልፎ ካንዴላው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄዶ ውጪው ይላጣል፣ ከዚያ ከቱቦ ጋር ይበየዳል፣ በቱቦው ጫፍ ላይም የማዞሪያ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። የቱቦው ርዝመት በግምት አይቆረጥም። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ከሌሎቹ ይልቅ የተሸሸገ ስለሆነ እዚያው ገብቶ መለካት ያስፈልጋል። ውስጡ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቢለጠፍበት ካንዴላው ሲወጣ አይወድቅም። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አሉሚኒየም ነውና ጥርሱ ቶሎ ይበላል፤ ልምድ ያላቸው መካኒኮች ካንዴላውን ሲመልሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቁራጭ የቤንዚን ጎማ ሰክተው በእጃቸው ያዞሩታል። ጥርሱን ከሳተ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ካንዴላውን በጉልበት አያስገባውም።

የኮፓ መንቀያው ደግሞ ከወፍራም ሽቦ በፒንሳና በሞርሳ የሚታጠፍ ነገር ነው፤ ለእሱ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይገርመኛል። ሌላው በቤት የሚሠራ ዕቃ የቤንዚን መለኪያ እንጨት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ ተራው ቮልስ የቤንዚን ጌጅ አልነበረውም፤ ሾፌሩ በተጠባባቂ ቧንቧ (ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል የቀረችውን ለመጠቀም የሚከፈት) እና በእንጨት ልኬት ይተማመን ነበር። እንጨቱን ለመሥራት ታንከሩን ባዶ አድርጎ አምስት አምስት ሊትር እየጨመሩ ምልክት ማድረግ ነው።

ቁልፍ ሲሰበር ወይም አፉ ሲሰፋ በብየዳ መሙላት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ብየዳው ዙሪያውን ስለሚያለሰልሰው ጠንከር ያለ ብሎን ላይ መልሶ ይከፈታል። የሚሻለው ከአሮጌ ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) አዲስ መሥራት ነው። የባሌስትራ ብረት ካርቦን ስላለው ይጠነክራል፤ ቀጥቃጮችም ሲጠቀሙበት የኖሩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ በእሳት ቀልቶ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ይህ ካልሆነ ሞረድ አይበላውም። ቅርጹ በሰጌቶ ይቆረጣል፣ አፉ በሞረድ እየተሞረደ በእውነተኛ ብሎን ይሞከራል። ከዚያ እንደገና ይግላል። ማግኔት የማይዘው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ይህም 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ጥቂት ጨምሮ አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። አሁን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ገጹን አጽድቶ ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ፣ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ፣ ዳግመኛ ማሞቅ የግድ ነው። ይህን የመጨረሻ እርምጃ የዘለለ ሰው ቁልፉ ለሁለት ተከፍሎ ጣቱን ሊልጠው ይችላል። እንዲህ የተሠራ ቁልፍ በደንብ ከያዘ የሚታፈርበት ነገር የለውም፤ የሃዜትን ስም ቀርጾበት መሸጥ ግን ሌብነት ነው።

ዝገት የበላውን ኦሪጅናል ዕቃ ለማደስ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አያስፈልግም። ናፍጣ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ በየጊዜው በብሩሽ ማሸት ይበቃል። የመፍጫ ድንጋይ ማስነካት የሠሪውን ስምና ቁጥሩን ያጠፋል፣ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል። ብርማ ወይም ወርቃማ ሽፋን ያለው አሮጌ ብረት ሽፋኑ ካድሚየም ሊሆን ስለሚችል አይሞቅም፣ አይበየድም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ለተሰበረ የካቻቢቴ እጀታ ወይራ ይመረጣል። ቦርሳውንም ሸራ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሰፋት ይቻላል፤ ለአብነት የሚሆን አሮጌ ጨርቅ፣ ቢቀደድም እንኳ፣ ይዞ መሄድ የኪሶቹን ስፋት ከመገመት ያድናል።

የእንግሊዝ መኪና ያለው ሰው ተጨማሪ ጣጣ አለበት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው የብሎን ሥርዓት ቁልፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የብሎኑ ውፍረት እንጂ የብሎኑ ጭንቅላት ስፋት አይደለም፤ ስለዚህ “ግማሽ” የተባለ የዊትዎርዝ ቁልፍ ጭንቅላቱ ግማሽ ኢንች ስፋት ላለው ብሎን በጣም ሰፊ ነው። ሜትሪክ ቁልፍ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ብሎኑን ያከበዋል።

ክሪክ ላይ ግን ምትክ ሥራ አያዋጣም። የቮልስ ክሪኮች፣ የጀርመኑ ኩባንያ ቢልስታይን የሠራቸውን ጨምሮ፣ በመኪናው ጎን ስር ባለው ማስገቢያ ገብተው አንዱን ጎን በሙሉ ወደ ላይ ያነሳሉ። ጥርሱ የተበላ ወይም የሚይዝ የሚለቀው ክፍል የተሰነጠቀ ክሪክ ተበይዶ ጥሩ ቢመስልም በማግስቱ ሊለቅ ይችላል፤ ስለዚህ ለጌጥ ይቀመጥ፣ ለሥራ ሌላ ይገዛ። ጤነኛ ክሪክም ቢሆን በአየር ላይ ባለ መኪና ስር ለመግባት አይበቃም፤ ከስሩ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግለታል። ሌላው የሚረሳው ራሱ ማስገቢያው ነው። ጭቃና ውኃ ስለሚያቁር ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ በቀለም ተሸፍኖ ደህና ይመስላል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጉት ከገባ፣ ክሪክ ከመፈለግ በፊት የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት።