«ፒፓ እኮ ሲጋራ አይደለም»፦ አለም ገና ጓሮ ውስጥ የሰማኋቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት አለም ገና ዳርቻ፣ ጎረቤታችን ጓሮ ነው የማሳልፈው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጓደኛቸው አናጺ ነበሩ፤ ዛሬም እጃቸው ከሞረድ አይለይም። አንዱ ጎመን ያጠጣሉ፣ ሌላው እንጨት ይሞርዳሉ። ከዚያ ሁለቱም ፒፓቸውን ይለኩሱና ወጉ ይደራል። የትኛው ትምባሆ ለጠዋት፣ የትኛው ከምሳ በኋላ እንደሚሻል ሲከራከሩ ይመሻል። በጣም እወዳቸዋለሁ። አንዳንዱን ነገር ሰምቼ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው።

«ጭሱን አልውጠውም፣ ስለዚህ አይጎዳኝም»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፒፓ ጭስ በአብዛኛው ከሲጋራ ጭስ ይልቅ ወደ አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ ወደሆነው) ያደላል። በዚህ የተነሳ ኒኮቲኑ ሳምባ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በአፍ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ሱሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ካንሰር ደግሞ ጭሱን መዋጥ አለመዋጥህን አይጠይቅም። ፒፓ ከከንፈር ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ኃላፊ ሪፖርት ገና በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ደግሞ ብዙ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ወደ ፒፓ ሲዞር ሳያውቀው ይውጣል። ሹፌሩ እንደዚያ ናቸው። አንድ ቀን ዓይኔን አፋቸው ላይ ጣልኩ። ሳብ አደረጉ፣ ፒፓውን ከአፋቸው አወጡ፣ «ሞጆ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ» ብለው ጀመሩ። ረዳቱ ምን እንዳለ ነገሩኝ፣ ክሪኩ እንዴት እንደጠፋ ነገሩኝ። ጭሱ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ስስ ብሎ፣ ከቃላቸው ጋር።

«ጋሼ፣ ይሄ እስካሁን የት ነበር?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ፒፓውን አገላብጠው አዩት።

«ሽታው የሚጥም ትምባሆ ቀላል ነው»

አናጺው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቫኒላና ቼሪ የሚሸት ትምባሆ ይልክላቸዋል። «ይሄ እንደ ሽቶ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ጣዕሙ ግን ቅጠሉ ላይ የተጨመረ ማጣፈጫ ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚመረጠው በርሊ የሚባለው ቅጠል ነው፤ የራሱ ስኳር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ማጣፈጫውን ጥሩ አድርጎ ይመጥጣል። በርሊ ደግሞ ኒኮቲኑ ብዙ ነው። ምላሳቸውን የሚለበልባቸውም እርጥቡን ቅጠል ቶሎ ቶሎ ሲስቡ የሚፈጠረው ትኩስ እንፋሎት ነው። በነገራችን ላይ ማጣፈጫ የገባበትን ትምባሆ መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል።

ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥንም ይከለክላል። «ልጁ ሮጥ ብሎ ከሱቅ ያምጣልኝ» የሚባለው ነገር ቀርቶ ባየሁ።

«ውሃ ያጣራዋል»

ከገጠር የመጡ እንግዳ ጋያን፣ ከቅል የሚሠራውን የውሃ ፒፓ፣ አነሱ፤ ጭሱ በቅሉ ውስጥ ባለው ውሃ ስለሚያልፍ ንጹሕ ነው አሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል። ሲቀዘቅዝ ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ ስለዚህ ሰው በረጅሙ ይስባል። መርዙ ግን አብዛኛው አብሮ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ሺሻ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚያጨስ ሰው የ100 ሲጋራ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጭስ ሊስብ ይችላል ብሏል።

«ትምባሆ አርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው»

ይህን የሚሉት የሹፌሩ ባለቤት ናቸው፤ ቡና እየቆሉ። አርዮስ የሞተው በ336 እ.ኤ.አ. ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። እትዬ ባላቸውን ለማስተው መፈለጋቸው ግን ትክክል ነው፤ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

«የደረቀ ትምባሆ በድንች ልጣጭ ይለሰልሳል»

ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሻጋታውን አብሮ ማጨስ ነው።

«ፒፓ የሚሠራው ከወይራ ሥር ነው»

አናጺው በዚህ እርግጠኛ ነበሩ። ከወይራ የሚሠራ አለ፤ አብዛኛው የእንጨት ፒፓ ግን የሚሠራው ከአስታ ነው። አዎ፣ የኛው አስታ፣ ደጋ ላይ የሚበቅለው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮችም ይበቅላል። ከግንዱ ግርጌ፣ ሥሩ ከሚጀምርበት ላይ፣ እንደ እንቅርት ያበጠ ጉብታ ያወጣል። እሱን ቆፍረው ያወጡትና ለሰዓታት ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ለወራት ያደርቁታል። ጉብታው በተፈጥሮው ጥቅጥቅ ያለና እሳት የሚችል ነው።

ይህን ስነግራቸው አናጺው ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ከጓሮው የወጨጫ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፤ አስታ ከላይ አለ። ደኑ ጥብቅ ስለሆነ መቁረጥ እንደማይቻል እሳቸውም ያውቃሉ። ፒፓቸውን ከኪሳቸው አወጡና አመዱን አራገፉ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የእንጨቱን መስመር እየተከተሉ፣ ሳይለኩሱት፣ ብዙ ቆዩ።

«ሰባት ዓመት አፌ ላይ ይዤው እንጨቱን አላወቅኩትም» አሉ።